የገና ዛፍ የብርጭቆ ኳስና የቤት ውስጥ ሥራ ታሪክ

መግቢያ

የገና ሰሞን ሲቃረብ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ቀለም ያልነካው፥ ውስጡ ባዶ የሆነ ጥርት ያለ የብርጭቆ ኳስ በካርቶን ታሽጎ ለገበያ ይቀርባል። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር ራሱ ያስጌጠውና በዛፉ ላይ ይሰቅለዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ በአንገቱ ላይ ያለው የቆርቆሮ ክዳን ቀስ ተብሎ ይወልቃል፤ የአንገቱ ጠርዝ ስለታም በመሆኑ ይህን የሚሠራው ዐዋቂ ሰው ነው። ቀጥሎ ጥቂት ቀለም ይጨመርበትና ኳሱ በእጅ እየተገላበጠ ቀለሙ ውስጡን በሙሉ እንዲያለብሰው ይደረጋል። ትርፉ ቀለም እንዲንጠፈጠፍ ኳሱ በስኒ አፍ ላይ ተደፍቶ ይቆያል፤ ሲደርቅም ክዳኑ ይመለስለታል። ቀለሙን ትተው ላባ ወይም የሚያብረቀርቅ ክር የሚያስገቡበትም አሉ።

ይህን ሥራ የሚመለከት ሰው የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይሁን እንጂ የፈሳሹ መገላበጥ፥ የኳሱ መድረቅና የክዳኑ መግጠም በአንዲት የጀርመን ተራራማ ከተማ ብዙ ቤተ ሰቦች የዕለት እንጀራቸውን ያገኙበት ሥራ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ኳሱ ከየት እንደ መጣ ከመተረክ ዐልፎ፥ ማን እንዳስጌጠው፥ ለማን ቤት እንዳስጌጠውና ርካሽነቱ በማን ድካም እንደ ተገኘ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የኳሱ አጀማመር

የገና ዛፍ ከብርጭቆው ጌጥ ይቀድማል። በ1605 ስለ ሽትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ፥ ሰዎች በየቤታቸው ዛፍ አቁመው ከወረቀት የተሠራ ጽጌ ረዳ፥ ፖም፥ ስስ ቂጣ፥ የወርቅ ቅጠልና ስኳር ይሰቅሉበት እንደ ነበር ይናገራል። ከዚህ እንደምንረዳው ከጥንቱ ጌጥ ብዙው የሚበላ ነገር ነበር።

የብርጭቆው ጌጥ አገር ላውሻ ናት። ላውሻ በቱሪንጊያ ደን ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፥ የብርጭቆ ሥራዋ የተጀመረው በ1597 ሃንስ ግራይነርና ክሪስቶፍ ሙለር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ምድጃቸውን በዚያ ባቆሙ ጊዜ ነው። የብርጭቆ ምድጃ ብዙ እንጨት ይበላልና ደኑ ለሥራው የተመቸ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙዎች የብርጭቆ ቱቦ ወደ ቤታቸው እየወሰዱ፥ በመብራት ነበልባል እያለሰለሱ በአፋቸው መንፋት ጀመሩ። በዚህ ዐይነት ዶቃና የአሻንጉሊት ዐይን ይሠሩ ነበር፤ በ1835ም ሉድቪግ ሙለር ኡሪ የተባለ የላውሻ ተወላጅ ዐይኑ ለጠፋ ሰው የሚሆን የብርጭቆ ዐይን ለመሥራት በቅቷል። እንግዲህ የገናው ኳስ ከመምጣቱ አስቀድሞ የላውሻ ሰው መኖሪያ ቤት የሥራ ቦታም ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ስለ ኳሱ አጀማመር ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ተረት አለ። አንድ ድኻ ብርጭቆ ነፊ ለገና ዛፉ የሚሰቅለው ፖምና ለውዝ መግዣ ቢያጣ፥ በፍሬው ፈንታ ለልጆቹ ከብርጭቆ ሠራላቸው ይባላል። ተረቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በጽሑፍ ከተገኘው ማስረጃ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለ ኳሱ የሚናገረው ቀደምት ጽሑፍ የ1848 የአንድ ብርጭቆ ነፊ የትእዛዝ መዝገብ ነው፤ በመዝገቡም ላይ መጠናቸው ልዩ ልዩ የሆነ ስድስት ደርዘን የገና ዛፍ ኳሶች ተመዝግበው ይገኛሉ። ደርዘን የነጋዴ ቃል ነው። ለገዛ ልጆቹ የሚሠራ አባት በደርዘን አይቆጥርም፥ በትእዛዝ መዝገብም አያሰፍርም። ስለዚህ ኳሱ በታሪክ ፊት የሚታየው ከመጀመሪያው አንሥቶ ለሌላ ሰው ቤት እንደ ተሠራ ሸቀጥ ሆኖ ነው። በዚያው በ1848 አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት በዊንዘር ቤተ መንግሥት በገና ዛፍ ዙሪያ ከልጆቻቸው ጋር ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ ይህም ሥዕል የዛፉ ልማድ በእንግሊዝና በአሜሪካ እንዲስፋፋ ብዙ ረዳ። የዛፉ ልማድ ሲስፋፋ የጌጡም ፈላጊ በዛ።

የላውሻ ቤተ ሰብ ሥራ

ሥራው እንዲያድግ ሁለት ነገሮች ረድተዋል። አንደኛው ጋዝ ነው። በ1867 በላውሻ የጋዝ ማምረቻ ተሠራ። ከዚያ በፊት ነፊው የሚጠቀምበት ነበልባል ደካማ ነበር፤ የጋዙ ነበልባል ግን ብርቱና እንደ ተፈለገ የሚስተካከል በመሆኑ ትልልቅና ስስ ኳሶችን መንፋት ተቻለ። ሁለተኛው የብሩ ቅብ ነው። ቀድሞ የኳሱ ውስጥ የሚለበጠው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ነበር። ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ መስተዋትን በብር የመለበጥን ዘዴ ካገኘ በኋላ፥ የላውሻ ሰዎች ከ1870 ወዲህ ባሉት ዓመታት ይህንኑ ዘዴ ለኳሱ አዋሉት።

የሥራው ክፍፍል እንዲህ ነበር። አባትዮው በነበልባሉ ፊት ተቀምጦ ኳሱን ይነፋል፤ በሚነፋበትም ጊዜ እንደ እጀታ የሚያገለግል ረጅም አንገት ይተውለታል። ሚስቲቱ በአንገቱ በኩል የብር ናይትሬት ያለበትን ፈሳሽ በጥቂቱ ትጨምርና ኳሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ እያስነካች ትወዘውዘዋለች፤ ፈሳሹ ውስጡን ሲዳስስ ብሩ በብርጭቆው ላይ ይያዝና ኳሱ መስተዋት ይሆናል። ልጆቹም በቀለም ይነክሩታል፥ ምስማር በተመታበት ሳንቃ ላይ እንዲደርቅ ይሰኩታል፥ ሲደርቅም አንገቱን ቆርጠው ክዳኑን ይገጥማሉ፥ በካርቶንም ያሽጋሉ። በአገራችን በሸማኔ ቤት እናት ስትፈትል፥ ልጅ ቀሰም ሲያጠነጥን፥ አባት ሲሸምን ያየ አንባቢ ይህ ክፍፍል እንግዳ አይሆንበትም።

የተሠራውን ኳስ ሴቶች በትልቅ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው የነጋዴዎች ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዞነበርግ ይወስዱት ነበር፤ ላውሻ የባቡር ሐዲድ ያገኘችው በ1886 ነው። ነጋዴው ሒሳቡን የሚከፍለው በደርዘን እንጂ በሰዓት ወይም በሰው ቍጥር አልነበረም። በዚህ የተነሣ የሚስትና የልጆች ድካም ለብቻው አይታሰብም ነበር፤ በደርዘኑ ዋጋ ውስጥ ተሰውሮ ያልፋል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ያሠሩት ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም። የልጆቹ እጅ ካልታከለበት ደርዘኑ በጊዜው አይሞላም፥ ደርዘኑ ካልሞላም ለክረምቱ የሚሆን ገንዘብ አይገኝም።

የኳሱ ንግድ ወደ አሜሪካ መስፋፋቱን ለመግለጽ የፍራንክ ዉልወርዝን ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። ዉልወርዝ በፔንሲልቬንያ ግዛት በላንካስተር ከተማ ዕቃን ሁሉ በአምስትና በዐሥር ሳንቲም የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በ1880 አንድ አስመጪ ጌጦቹን ባሳየው ጊዜ ማን ይገዛቸዋል ብሎ ተጠራጠረ፤ በብዙ ልመና የ25 ዶላር ጌጥ ብቻ ተቀበለ። ጌጡ በሁለት ቀን ውስጥ ተሸጦ ዐለቀ። ከዐሥር ዓመት በኋላም ራሱ ወደ ላውሻ ሄዶ ሥራውን ተመለከተ። አንድ ኳስ በሰው አፍ ተነፍቶ፥ በብር ተለብጦ፥ በእጅ ተቀብቶ፥ ባሕር ተሻግሮ በዐሥር ሳንቲም ሊሸጥ የቻለው እንዴት ነው? ከምክንያቶቹ ዋነኛው መኖሪያው ቤት ራሱ ፋብሪካ በመሆኑና የቤተ ሰቡ አባሎች ደመወዝ የማይቈረጥላቸው ሠራተኞች በመሆናቸው ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ማሽኑና ጦርነቱ

በ1930ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ጦርነት እንደሚነሣ የገመተ አንድ ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው በዞነበርግ አጠገብ ተወልዶ በኒው ዮርክ ጌጥ ያስመጣ የነበረው ማክስ ኤካርት ነው። የጀርመን ዕቃ ቢቋረጥ ንግዱ እንዳይቆም በማሰብ፥ ከዉልወርዝ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኮርኒንግ የተባለውን የብርጭቆ ኩባንያ ኳሱን በአሜሪካ እንዲሠራ አግባባው። ኮርኒንግ በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ አምፑል ብርጭቆ የሚሠራ ማሽን ነበረው። አምፑልና የገና ኳስ በቅርጽ ይቀራረባሉና፥ በ1939 በፔንሲልቬንያ ዌልስቦሮ ከተማ ያለው ማሽን ተስተካክሎ ኳስ ማውጣት ጀመረ። አንድ የሠለጠነ ነፊ በቀን የሚሠራው 600 ያህል ሲሆን፥ ማሽኑ በ1940 በቀን ወደ 300,000 የሚጠጋ ያወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከኮርኒንግ የሚወጣው ኳስ በአብዛኛው ባዶና ጥርት ያለ ነበር። የመለበጡንና የመቀባቱን ሥራ የሚፈጽሙት የኤካርትና የሌሎች ነጋዴዎች ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑ የነፊውን ትንፋሽ ተካ፤ የጌጡ ሥራ ግን ገና በሰው እጅ ነበር። አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ደግሞ ብርና ሌላው ማዕድን ለጦር መሣሪያ ሥራ ስለ ተፈለገ፥ ኳሱ ሳይለበጥ በስስ የቀለም መስመሮች ብቻ ተሥሎ ለገበያ ወጣ፤ የቆርቆሮውም ክዳን በወረቀት ተተካ። ስለዚህ ጥርት ያለው ኳስ በአሜሪካ ቤቶች በብዛት የታወቀው የሰው ምርጫ ተለውጦ ሳይሆን ዕቃ ስለ ታጣ ነው።

ላውሻም ከጦርነቱ በኋላ ዕጣዋ ተለወጠ። ከተማዪቱ በሶቭየት ጦር ይዞታ ውስጥ ዋለች፤ ከ1949 ጀምሮም የምሥራቅ ጀርመን ክፍል ሆነች፥ የጌጡም ሥራ በመንግሥት ድርጅት ተጠቃለለ። ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ ወሰኑን ተሻግረው በኮቡርግ አካባቢ ሥራቸውን እንደ ገና ጀመሩ። ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ከተዋሐዱ በኋላ በላውሻ የግል ሥራ ቤቶች ተመልሰው ተከፈቱ፤ ዛሬም በዚያ ኳስ በአፍ ይነፋል። በ2023 ዩኔስኮ ጀርመንን ጨምሮ የስድስት የአውሮፓ አገሮችን የእጅ ብርጭቆ ሥራ ሙያ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

ማጠቃለያ

አሁን በመግቢያው ወደ ተገለጸው የቤት ሥራ ብንመለስ፥ ቀለሙን በባዶው ኳስ ውስጥ የሚያገላብጠው እጅ የላውሻዋን እናት እጅ እንቅስቃሴ ይደግማል። ልዩነቱ ያለው በሥራው ስልት ላይ አይደለም። ያች ሴት ኳሱን ያስጌጠችው በደርዘን ሲሆን ለማታውቀው ሰው ቤት ነበር፤ የዛሬው ልጅ ግን አንዱን ኳስ እንደ ወደደ ቀብቶ በገዛ ቤቱ ይሰቅለዋል። ለአንደኛው ግዴታ የነበረው ለሁለተኛው መዝናኛ ሆኗል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፥ በቤት የተሠራ ዕቃን ሁሉ የጥንት ሰዎች የፍቅርና የደስታ ሥራ አድርጎ መናገር ማስረጃውን መዘንጋት ነው፤ ስለ ድኻው አባት የሚነገረው ተረት የተወደደው ምናልባት የደርዘኑን ሒሳብ ስለሚያስረሳን ይሆናል። ሁለተኛ፥ የዛሬውን ጨዋታ መናቅም አይገባም። አንድን ኳስ በራሱ እጅ ቀብቶ፥ እስኪደርቅ ጠብቆ፥ ክዳኑን የገጠመ ልጅ ስድስት ደርዘን ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከሌላው ይልቅ ይገባዋል። የታሪክ ተማሪም ርካሽ ዕቃ ባየ ቍጥር በማን ቤት፥ በማን እጅ ተሠራ ብሎ መጠየቅን ቢለምድ፥ ትንሹም ኳስ ብዙ ያስተምረዋል።