የፈረስ ኬክሮሶች፦ ነፋስ የራቀው የውቅያኖስ ቀበቶና የባሕር ጉዞ ታሪክ

ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም በ30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ ነፋሱ ደካማና አቅጣጫው የማይታመን፣ ሰማዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ የውቅያኖስ ቀበቶ ይገኛል። እንግሊዛውያን መርከበኞች «የፈረስ ኬክሮሶች» ያሉት ይህ ቀጠና የሚፈጠረው በምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ ወደ ላይ የተነሣው አየር እርጥበቱን በዝናብ አራግፎ ወደ ዋልታዎቹ አቅጣጫ ከተጓዘ በኋላ እዚህ ተመልሶ ስለሚወርድ ነው። ጆርጅ ሃድሊ የንግድ ነፋሳትን፣ ማለትም ወደ ምድር ወገብ ዘወትር የሚነፍሱትን ነፋሳት፣ እ.ኤ.አ. በ1735 ስላብራራ ይህ የአየር ዝውውር «የሃድሊ ዑደት» ይባላል። የሚወርደው አየር እየታመቀ ስለሚሞቅ ደመናን ያከስማል፤ በምድር ገጽ ላይም ከፍተኛ ግፊት ያሳድራል። መርከበኛውን ያሰለቸው ጸጥታና የሰሃራ ድርቀት፣ እንግዲህ፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ስለ ስያሜው በሰፊው የሚነገረው፣ ፈረስ የጫኑ መርከቦች ነፋስ አጥተው ሲቆሙ ውኃ ለመቆጠብ እንስሳቱን ወደ ባሕር ይጥሉ እንደነበር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ መቻሉ ባይካድም፣ ለስም መነሻ የሚበቃ ልማድ መሆኑን ማስረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተሻለ ሚዛን የሚደፋው ከደመወዝ ጋር የተያያዘው ማብራሪያ ይመስላል፤ መርከበኞች በቅድሚያ የተከፈላቸውን ገንዘብ ወደብ ላይ አጥፍተው ስለሚሳፈሩ፣ ዕዳው እስኪያልቅ የሚሠሩትን ሥራ «ለሞተ ፈረስ መሥራት» ይሉት ነበር፤ ሲያልቅም፣ ብዙውን ጊዜ መርከቡ ወደዚህ ቀጠና በሚደርስበት ወቅት፣ በጭድ የታጨቀ የፈረስ ምስል መርከቡ ላይ ጎትተው ባሕር ውስጥ ይጥሉ ነበር። ስፔናውያንም በአገራቸውና በካናሪ ደሴቶች መካከል ያለውን ባሕር በባዝሮች ስም ይጠሩት ስለነበር ጉዳዩ ገና አልተዘጋም።

ከስሙ ይልቅ ቀበቶው በመርከበኞች አእምሮ ላይ ያሳደረው ጫና ይበልጥ ያስተምራል። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1492 የባሕር አረም የተንሳፈፈበትን የሳርጋሶ ባሕር ሲያቋርጥ፣ ባልደረቦቹን ያስፈራቸው ከኋላ የሚገፋቸው ነፋስ ወደ ስፔን የሚመልሳቸው አለመሆኑ ነበር፤ ስለዚህም ከፊት ለፊት የመጣ ተቃራኒ ነፋስ ለእርሱ መልካም አጋጣሚ ሆነለት። በ1493 ሲመለስም በመጣበት መስመር ሳይሆን ወደ ሰሜን ወጥቶ ከምዕራብ የሚነፍሱትን ነፋሳት ተከተለ። ስፔናዊው መርከበኛ ኡርዳኔታ በ1565 ከፊሊፒንስ ወደ ሜክሲኮ የተመለሰው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሆላንዳዊው ብራወርም በ1611 ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ጃቫ ሲያመራ ቀበቶውን በደቡብ በኩል ዞሮ የጉዞውን ጊዜ በእጅጉ አሳጠረ፤ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህን ረጅም የሚመስል መንገድ ለመርከቦቹ ግዴታ አደረገው።