ሲሜትሪ ከግሩፕ ባሻገር

አንድን ነገር አንቀሳቅሰነው ወይም አዙረነው ቀድሞ እንደነበረው ሆኖ ከተገኘ፣ ያ እንቅስቃሴ የነገሩ ሲሜትሪ ይባላል። እነዚህ እንቅስቃሴዎች አንድ ላይ የሚመሠርቱት ሥርዓት በሒሳብ «ግሩፕ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ገና በ20 ዓመቱ የሞተው ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ ለአልጀብራ እኩልታዎች ተጠቀመበት፤ በ1872 ደግሞ ጀርመናዊው ፌሊክስ ክላይን ጂኦሜትሪን በግሩፕ መነጽር አየው። ከዚያ ወዲህ ሲሜትሪና ግሩፕ አንድ ነገር እስኪመስሉ ተቆራኙ።

ጉድለቱን ለማየት የቤትዎ ወለል ይበቃል። ስድስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል፣ ጎናቸው 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ 96 ካሬ ሴራሚኮች ተነጥፏል እንበል። ንጣፉ ዳርቻ ባይኖረው ኖሮ በአንድ ሴራሚክ ልክ ብንገፋው ራሱን ይደግም ነበር። ግድግዳ ሲኖር ግን ጫፉ ያልፋልና መግፋት አይፈቀድም፤ ግሩፑ የሚቀበለው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ባለበት መተው፣ ግማሽ ዙር ማዞር፣ በርዝመት ወይም በወርድ መገልበጥ። የሚገርመው፣ ሴራሚክ የሌለው ባዶ የሲሚንቶ ወለልም እነዚሁ አራቱ አሉት! ዓይን የሚያየው ድግግሞሽ ለግሩፕ አይታየውም።

ለዚህ የሚበጀው «ግሩፖይድ» ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ብራንት በ1926 ለሌላ ጥናት ያስተዋወቀውን ይህን ሐሳብ፣ አሜሪካዊው አለን ዋይንስቲን በ1996 የመታጠቢያ ቤት ወለልን ምሳሌ አድርጎ አብራርቶታል። እዚህ ክፍሉ በሙሉ መንቀሳቀስ የለበትም። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ መነሻና መድረሻ ነጥብ አለው፤ የሚጠየቀውም የሁለቱ ነጥቦች ዙሪያ መመሳሰሉ ነው። ሁለት እንቅስቃሴዎች የሚቀጣጠሉት ሁለተኛው የመጀመሪያው ካበቃበት ሲነሳ ብቻ ነው። 15 ቁጥሮችና አንድ ክፍት ቦታ ባለው ተንሸራታች ጨዋታ፣ ቀጣዩን እርምጃ የሚወስነው ክፍቱ ቦታ ያለበት ስፍራ እንደሆነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት የወለላችን 117 የሴራሚክ ማዕዘኖች በሦስት ይመደባሉ፦ መሐል ያሉ 77፣ ግድግዳ ላይ ያሉ 36፣ የክፍሉ ማዕዘን ላይ ያሉ 4። የጠፋው ድግግሞሽ ተመለሰ።

በግሩፕም ሆነ በግሩፖይድ ግን ማንኛውም እንቅስቃሴ መመለሻ አለው። ይህም ቅድመ ሁኔታ እየላላ ነው። ክራመርስና ዋኒየር በ1941 አይዚንግ በተባለው የማግኔት ሞዴል ላይ ያገኙት ልውውጥ፣ በወሳኙ ሙቀት ላይ ሁለት ጊዜ ሲፈጸም ውጤቱ «ባለበት መተው» እና «ሁሉንም መገልበጥ» ተደምረው ነው፤ የሚመልሰው ተቃራኒ የለውም። የዛሬ ፊዚክስ ይህንንም ሲሜትሪ ይለዋል። ስያሜው የተለጠጠ ቢመስልም አላግባብ አይደለም፤ እንደ ጥንቱ ሲሜትሪ ሁሉ፣ የትኛው ሁኔታ ሊፈጠር እንደማይችል አስቀድሞ ለመናገር ያስችላልና።