ከፋራዳይ ቀለበት እስከ መተማ መስመር፦ የትራንስፎርመር ታሪክና የምዕራብ ጎንደር ቆላ

ለንደን በሚገኘው የሮያል ኢንስቲትዩሽን የሳይንስ መሣሪያዎች ክምችት ውስጥ ከተጠበቁት ቅርሶች አንዱ፣ ማይክል ፋራዳይ በ1831 (በዚህ ጽሑፍ ሌላ እስካልተገለጸ ድረስ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሠራው፣ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቀለበት ነው። በቀለበቱ ሁለት ጎን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎበታል፤ በአንደኛው ጥቅል ውስጥ ከባትሪ የመጣ ፍሰት ሲጀመርና ሲቋረጥ ብቻ፣ ከሁለተኛው ጥቅል ጋር የተያያዘው መግነጢሳዊ መርፌ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለቱ ጥቅሎች በሽቦ ሳይገናኙ ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ ሲለዋወጥ መሆኑ በዚህ ሙከራ ታወቀ፤ ትራንስፎርመር የሚባለው መሣሪያ ከቀጥተኛ ፍሰት ይልቅ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ተለዋዋጭ ፍሰት የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለበቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የንግድ ዕቃ እስኪሆን ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሉሲየን ጎላርና ጆን ጊብስ በ1884 በጣሊያን በቱሪንና በላንዞ መካከል 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ላይ መሣሪያቸውን አሳዩ፤ ሆኖም ጥቅሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ መብራት ሲጠፋ የሌሎቹ ብርሃን ይዛባ ነበር። በቡዳፔስቱ የጋንዝ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ካሮይ ዚፐርኖቭስኪ፣ ኦቶ ብላቲና ሚክሻ ዴሪ በ1885 የብረቱን እምብርት ዙሪያውን ዘግተው ትራንስፎርመሮቹን ጎን ለጎን በማያያዝ ይህን ችግር ፈቱ።

የቀደምቶቹ መሣሪያዎች ደካማ ጎን ማገጃቸው፣ ማለትም ሽቦው ከሽቦ እንዳይነካካ የሚለየው ልባስ ነበር። ፋራዳይ የተጠቀመው በሲባጎና በጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ጥጥ እርጥበት እንደሚስብና በሙቀት እንደሚከስል በምዕራብ ጎንደር ለሚገኙት ለመተማና ለቋራ ጥጥ አምራቾች የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቮልቴጅ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ሲፈለግ መሐንዲሶቹ ጥቅሎቹን ዘይት ውስጥ መንከር ጀመሩ፤ ዘይቱ ሽቦዎቹን ከመለየቱም በላይ ሙቀታቸውን ወደ ውጭ ያወጣል። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚሻገርበት ቆላ ይህ የማቀዝቀዝ ሥራ ከደጋው ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሙቀቱን የሚያስረክበው አየር ራሱ የጋለ ነው።

የትራንስፎርመር ትልቁ ውለታ ርቀትን ማሸነፉ ነው። ቮልቴጁ በ10 እጥፍ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ፍሰት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ደግሞ የፍሰቱን ካሬ ስለሚከተል ወደ አንድ መቶኛ ይቀንሳል። በ1891 በጀርመን ከላውፈን ፏፏቴ እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር በተዘረጋው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ይህ ስሌት በተግባር ተረጋገጠ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት የወደቁት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 1881 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፍራንክፈርቱ ሙከራ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ የተደረገ ነው።

በኢትዮጵያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ በ1932፣ የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1964 አገልግሎት ሲጀምሩ፣ ኃይሉ በዋናነት የሚደርሰው በአቅራቢያቸው ወዳሉ ከተሞች ነበር። የምዕራብ ጎንደር ቆላ በኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ሥፍራ ያገኘው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በ2010 ከተመረቀ በኋላ፣ ከጎንደር ተነሥቶ በሸኽዲና በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚያልፈው የ230 ሺህ ቮልት መስመር ሲዘረጋ ነው። መስመሩ የጎንደርን ገበያ ከሱዳኖቹ ገላባትና ገዳሪፍ ጋር ያገናኝ የነበረውን የሲራራ ነጋዴ መንገድ አቅጣጫ ተከትሎ የተዘረጋ ሲሆን፣ በ2013 መጨረሻ ለሱዳን ኃይል የመሸጡ ሥራ በይፋ ተጀመረ። የሁለቱ አገሮች ፍሰት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ መሆኑም ጠቅሟል፤ ምክንያቱም ትራንስፎርመር ቮልቴጅን እንጂ የምልልሱን ፍጥነት አይለውጥም።

ይሁን እንጂ ርቀትን የሚያሸንፈው ከፍተኛ ቮልቴጅ ራሱ በመንገዱ ላይ ላለው መንደር የማይነካ ነው። የቤት መብራት 220 ቮልት ስለሚፈልግ፣ የ230 ሺህ ቮልቱ ኃይል በቅድሚያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ቮልት፣ ከዚያም በምሰሶ ላይ በሚሰቀል አነስተኛ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት መውረድ አለበት። ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚያወርድ ጣቢያ ውድ በመሆኑ ለእያንዳንዱ መንደር አይተከልም፤ ከሸኽዲ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከዋናው መስመር ርቃ የምትገኘው የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉም ለዚህ ዓይነቱ አካባቢ ምሳሌ ናት፤ ኃይሉን ወደ እንደዚህ ያለች ከተማ ለማድረስ ሁለተኛ ቅርንጫፍ መስመርና የሚያወርዱ ትራንስፎርመሮች ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ የቆላው የኤሌክትሪክ ታሪክ ሲጻፍ ትላልቆቹ ማማዎች የተተከሉበት ዓመት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ኃይሉ በየከተማውና በየቀበሌው የወረደበት ጊዜም አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ የፋራዳይ መሣሪያ ለሕዝብ ጥቅም የሰጠው ቮልቴጅን ከፍ በማድረጉ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ምሰሶ ላይ መልሶ ዝቅ በማድረጉ ጭምር ነውና።