ከፊልም ማስታወቂያ እስከ ኮምፒውተር ሥዕል

ተማሪዎቻችን በኮምፒውተር ክፍል የሚወዱትን ዘፋኝ ፎቶ ከፍተው ፊቱን ቢጫ፣ ፀጉሩን ሮዝ ሲቀቡት እናያለን። ይህ አሣሣል ፖፕ አርት ይባላል። ታሪኩን ብናውቀው አይከፋም።

አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ፣ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅ ሳለ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል የፊልም ተዋንያንን ፎቶ ይሰበስብ ነበር። ተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ስትሞት፣ ለ“ናያጋራ” ፊልም ማስታወቂያ የተነሣችውን አንድ ፎቶ በሐር ጨርቅ ማተሚያ 50 ጊዜ አተመው። 25ቱ በደማቅ ቀለም፣ 25ቱ በጥቁርና ነጭ ነው። በ1985 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ የዘፋኟን የዴቢ ሃሪን ፊት በካሜራ ወደ አሚጋ ኮምፒውተር አስገብቶ፣ ሕዝብ እያየ ቀለም አፈሰሰበት። የኛ ልጆች በማውስ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው።

ፎቶውን ያነሣውስ ሰው? ሊን ጎልድስሚዝ የተባለች ፎቶ አንሺ ዘፋኙን ፕሪንስን በ1981 አንሥታው ነበር። ዋርሆል ከዚያ ፎቶ ሥዕል ሠራ። እሱ ከሞተ በኋላ ፋውንዴሽኑ ሥዕሉን በ2016 ለመጽሔት ሽፋን በክፍያ ሰጠ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 ለእሷ ፈረደ።

እኛም በዚህ ካምፕ ሳንጠየቅ ስንት ጊዜ ፎቶ ተነሥተናል! ስሜቱን እናውቀዋለን። ስለዚህ ልጆች፣ ሥዕላችሁን ቀጥሉ። ግን የፎቶ አንሺውን ስም ከታች ጻፉ፤ የጓደኛችሁ ፎቶ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ።