የጋምቤላ ማዕዘናት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት የወሰን ውል፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በኋላ በጋምቤላ ተተከለ። ይህን አኃዝ ለአንድ የጋምቤላ ሕፃን ብንሰጠው፣ ቦታውን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አድርጎ፣ 400 ሄክታርን ወደ 4,000,000 ካሬ ሜትር መንዝሮ ለ2000 ሲያካፍል መልሶ ያንኑ 2000 ያገኛል። አራቱ ጎኖች እንዲህ እኩል ሆነው ሳለ ግን፣ በጎኖቹ መካከል ያለው ዘዊት ከ90 ወደ 60 ዲግሪ ቢያጋድል፣ የአንዲት ስንዝር ገመድ ሳትጎድል ስፋቱ ወደ 346 ሄክታር ይወርዳል፤ ከ50 ሄክታር የሚበልጥ መሬት በማዘንበል ብቻ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ዘዊትም መለካት አለበት፤ መምህር በትምህርት ቤቱ ግቢ ገመድ በ12 እኩል ክፍል ቋጥሮ፣ በሦስት ችካል 3፣ 4 እና 5 አድርጎ ቢወጥረው፣ በአጫጭሮቹ ጎኖች መካከል ያለችው ማዕዘን 90 ዲግሪ ሆና ትቆማለች፤ ሕፃናቱም ፕሮትራክተራቸውን አስጠግተው ይመሰክራሉ።