የቀለሃ አንገት

በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ብር ስቆጥር ጣቶቼ ከዓይኔ ይቀድማሉ። የሳሳውን፣ የተቀደደውን፣ በፕላስተር የተጠገነውን ኖት ገና ሳላየው አውቀዋለሁ። ይህን ልማድ ሥራዬ ያስተማረኝ ይመስለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ቀየት የሚኖሩት አያቴ የኩል መያዣቸውን አውጥተው ሲያሳዩኝ፣ ቤተሰባችን ከባንክም በፊት ገንዘቡን እየዳሰሰ ይቀበል እንደ ነበር ተረዳሁ።

የኩል መያዣው የውጅግራ ቀለሃ ነው። ከሥሩ ወፈር ይልና ትከሻው ላይ ሲደርስ ሰብሰብ ብሎ አንገት ያወጣል። በአንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ግራ የሠራው መኮንን ስም ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የወረቀት ጥይት ይጎርስ የነበረውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ለውጠው የነሐስ ቀለሃ እንዲጎርስ አደረጉት። በ1886 እ.ኤ.አ. ሌበል የተባለው አዲስ ጠመንጃ ሲተካው፣ የተጣለው ውጅግራ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። የሚገርመው፣ የሌበል ጥይት ራሱ የተወለደው የውጅግራን ቀለሃ አንገት ከ11 ሚሊ ሜትር ወደ 8 በማጥበብ ነበር። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ነገር ላክል፦ ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ይዞት የገባው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ቀለሃ የማያውቅ፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ የሚከተት አሮጌ ዓይነት ነበር። ምኒልክም ዋጋውን በእጁ አልቆጠሩለትም፤ ሐረር ከመኮንን ዘንድ እንዲቀበል የክፍያ ትእዛዝ ጻፉለት። እኔ ይህን ሳነብ ባለቅኔውን ትቼ ሐዋላውን አሰብሁ፤ ሙያ ክፉ ነው።

የዐቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ገበያው የራሱ ገንዘብ ነበረው፦ 1780 የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ አሞሌ ጨው፣ እና ጥይት። ሪቻርድ ፓንክረስት የአገራችንን የገንዘብ ታሪክ ሲጽፍ ጥይትን ከእነዚህ ጎን ያስቀምጠዋል። ለብር ዝርዝር የሚሆን ሳንቲም በጠፋበት ገበያ፣ ሰው ከዝናሩ ጥይት እየመዘዘ ይከፍል ነበር። ጠገራ ብር ቢወጣም ቢገባም ያው ብር ነው፤ ጥይት ግን ዋጋ የሚያወጣው አንድ ቀን ስለሚተኮስ ነው። ከአፈሙዝ የወጣ ጥይት አይመለስም ይባላል። እርሳሱስ አይመለስም፤ ቀለሃው ግን ተኳሹ እግር ሥር ወድቆ ይገኛል።

እዚህ ላይ የአንገት ነገር ይመጣል። ጥይቱ ሲተኮስ ነሐሱ በባሩዱ ግፊት ተለጥጦ፣ ጠመንጃው ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚዘጋው ይኸው መለጠጥ ነው። ግፊቱ ሲያልፍ ነሐሱ ጥቂት ይሰበሰባል እንጂ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። አንገቱ ሰፍቶ ይቀራል፤ አዲስ እርሳስ ቢያስገቡበት አይጨብጠውም። ስለዚህ ቀለሃ ዳግም የሚሞላ ሰው አንገቱን መልሶ ማጥበብ አለበት። የአሜሪካ ጎሽ አዳኞችም በዚያው ዘመን በየሰፈራቸው ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ለሥራው የተበጀ የብረት ቅርጽ ነበራቸው። ነሐስ ግን በሰፋና በጠበበ ቁጥር ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱን በእሳት አሙቆ ማለስለስ ነው። አንገቱን ብቻ! እሳቱ ወደ ታች ከወረደ ሥሩ ይለሰልስና ግፊቱን አይችልም።

የአያቴ አባት የብረት ቅርጽ አልነበራቸውም። አያቴ እንደሚሉት፣ አንገቱን በከሰል ፍም አሙቀው፣ በተወለወለ ዘንግ ላይ ሰክተው፣ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ይመቱት ነበር። ገበያ ላይ ጥይት ሲቀበሉ ደግሞ መጀመሪያ በአውራ ጣት ጥፍራቸው አንገቱን ይዞራሉ፤ የመዶሻ ምልክት ካገኙ እርሳሱን ጠምዘዝ ያደርጉታል፣ ከጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቁታል። ዳግም የተሞላ ጥይት እንደ ሙሉ አይቆጠርላቸውም። የሐሰት ገንዘብ ነው እንዳይባል ይተኮሳል፤ እውነተኛ ነው እንዳይባል ሞልቶ የሸጠውን ሰው እጅ ማመን ያሻል።

ጣልያን ሲገባ ውጅግራ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር። ቢሆንም አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ተራራ ሲዋጉ፣ በየሰፈሩ የነበረው አርበኛ ቤቱ ያለውን ይዞ ነው የወጣው። የአያቴ አባትና ታላቅ ወንድማቸው አንድ ውጅግራና ሰባት ቀለሃ ይዘው ወጡ። እየተኮሱ፣ እየለቀሙ፣ እየሞሉ ቆዩ። የሚሞሉት አባት፣ የሚተኩሰው ልጅ ነበር።

በአንድ የክረምት ንጋት፣ ጉም መሬት በነካበት ሰዓት፣ በልጁ እጅ የነበረው ጥይት አልነሳም አለ። ውጅግራ አንድ ብቻ ነው የሚጎርሰው፤ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ጊዜ አላገኘም። አባት ያንን ጥይት መልሰው ሲያዩት እርሳሱ አንገቱ ውስጥ ይላወስ ነበር፤ ባሩዱ እርጥበት ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። አንገቱን ያጠበቡት እሳቸው ናቸው። እርሳሱ የላላው ከዚያ በፊት ይሁን ልጁ ሲወድቅ፣ ማን ሊነግራቸው ይችላል?

በ1933 ዓ.ም. አራት ቀለሃ ይዘው ተመለሱ። የተሰነጠቀውን ገና ሕፃን ለነበሩት አያቴ ለኩል ሰጧቸው። «ያ ነው ወይ እምዬ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልነገሩኝም ልጄ፤ እኔም አልጠየቅኋቸው» አሉና ክዳኑን ገጠሙት።

ሦስቱ ቀለሃዎች በባና ቁራጭ ተጠቅልለው እስከ ዛሬ በሳጥኑ ውስጥ አሉ። ከጦርነቱ በኋላ ማንም አልሞላቸውም። የሦስቱም አንገት ግን ጠብቧል፤ በጥፍሬ ስዞራቸው የመዶሻው ምልክት ጥቅጥቅ ብሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይርቅ፣ ዙሪያውን ይሰማኛል።