የሐይቅ እስጢፋኖስ የመጻሕፍት ዝርዝርና የምርምር መጽሔት

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ እንዳለው የታወቀ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዚያ ከተቀመጡ በኋላ ከልዩ ልዩ አገር ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ገዳሙ ግን መምህራንን ከማፍራቱ ሌላ፣ መጻሕፍትን የመመዝገብና የመጠበቅ ሙያ በአገራችን ምን ያህል የቈየ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምስክር ትቶልናል፤ ይኸውም የመጻሕፍት ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ የተጻፈው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ በሰጡት ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል ውስጥ ሲሆን፣ ዘመኑ ወደ 1292 ገደማ ይቈጠራል። ከ80 የሚበልጡ መጻሕፍትም ተመዝግበውበታል። የርስትና የንዋየ ቅድሳት ስጦታ በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ መጻፉ የጥንት ልማድ ነው፤ ወንጌሉ የተከበረ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የሰፈረውን ቃል ማንም በድፍረት አይፍቀውምና። ስለዚህ ወንጌሉ ለጸሎት ብቻ ሳይሆን እንደ መዝገብ ቤትም ያገለግል ነበር።

የዝርዝሩ ጥቅም ከገዳሙ ንብረት ቈጠራ ያልፋል። በ16ኛው ምዕት ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተዘርፏል፤ መጽሐፉ ሲጠፋ ግን በዝርዝሩ የሰፈረው ስሙ ይቀራል። ደግሞም አንድ የትርጓሜ ሥራ በዚህ ዝርዝር ከተጠራ፣ ከዚያ ዘመን በፊት ወደ ግዕዝ መመለሱ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ማስረጃ ከብዙ ግምት ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ለብዙ ዘመን ገዳሙን ለረገጠ ሰው ብቻ የሚታይ ነበር፤ ወደዚያ መግባት ለማይፈቀድላቸው ለሴቶች ሊቃውንት ግን ፈጽሞ የተዘጋ ነበር። ይህን ደጅ የከፈተው የምርምር መጽሔትና የፎቶግራፍ ፊልም ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኤትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድና ወግ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ማኅበሩን ከደገፉት ዋነኛው የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት የፖላንድ ተወላጅ ስታኒስላው ኾይናትስኪ ናቸው። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የተቋሙ መጽሔት በዚያው ዓመት መውጣት ጀመረ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም በ1970 ከ1248 እስከ 1535 ስለ ነበሩት የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ያዘጋጁትን ጥናት በዚሁ መጽሔት አሳተሙ። በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ የሐይቁም ወንጌል ተነሥቶ ቍጥር 1832 ተሰጠው። ዶክተር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ደግሞ ስለ ገዳሙ ቤተ መጻሕፍት የጻፉትን በ1992 አወጡ፤ የወጣበትም መድበል ለእኒያው ለኾይናትስኪ ክብር የተዘጋጀ ነበር።

ከዚህ እንደሚታየው ለመጽሔት ጽሑፍ ማበርከት ከጥንቱ የዝርዝር ጸሓፊ ሥራ የራቀ አይደለም። የገዳሙ ጸሓፊ መጽሐፉ ምን እንደ ሆነና ማን እንደ ሰጠው ጻፈ፤ የመጽሔቱ ጸሓፊ ደግሞ የት እንደሚገኝ፣ በስንተኛው ቅጠል ላይ ምን እንደሚነበብ ይጨምራል፤ ሌላው ሰው ሄዶ ወይም ፊልሙን አይቶ እንዲመረምረውና ስሕተት ቢያገኝ እንዲያርመው ነው። ምንጩ ያልተገለጸ ጽሑፍ ግን ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነው።

የወሎ የመጻሕፍት ሀብት በሐይቅ ብቻ አይወሰንም። በዳና፣ በጀማ ንጉሥና በገታ የነበሩት የእስልምና ትምህርት ማእከሎች በዐረብኛ የተጻፉ፣ እንዲሁም አማርኛን በዐረብ ፊደል የሚያነቡ መንዙማዎችን አፍርተዋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 ስለ 19ኛው ምዕት ዓመት የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ማእከሎች ታሪክ ለሊቃውንት አቅርበዋል። ነገር ግን በየቤተ ሰቡ እጅ ያለ መጽሐፍ በውርስ ይከፋፈላል፣ በምስጥና በዝናብ ይጠፋል፤ ካልተመዘገበም መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም።

እንግዲህ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ጥናት የሚያደርግ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው፣ ያየውን ከነቦታውና ከነመጠኑ፣ ባለቤቱን ለሌባ በማያጋልጥ ጥንቃቄ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ የታተመውን ጽሑፍ ሣጥኑን ለከፈቱለት መነኵሴ ወይም ሼኽ መልሶ ማድረስ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዝርዝር የተጻፈው በገዳሙ እንዲቀር ነበርና፣ ስለ እርሱ የተጻፈውም ወደ ገዳሙ መመለስ ይገባዋል።